ግብረ መልስ በሥራ ቦታ፦ አሰጣጡና አቀባበሉ

ግብረ መልስ አንድ ሠራተኛ ስለ ሥራው ወይም ስለ አሠራሩ ከአለቃው፣ ከባልደረባው፣ ከሚመራቸው ሰዎች ወይም ከደንበኛ የሚያገኘው አስተያየት ነው። ምስጋና፣ ምክር ወይም ምዘና ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በአንድ ውይይት ሲደባለቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ምክሩ ነው፤ የደመወዝ ጭማሪው የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ያለው ውጤቱ ላይ ነው።

የዛሬው ልማድ አንዱ ምንጭ ያልታሰበ አጋጣሚ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በመራው ሥልጠና፣ አሠልጣኞችና ተመራማሪዎች ማታ ማታ ተሰብስበው በሠልጣኞቹ ሁኔታ ላይ ይወያዩ ነበር። ጥቂት ሠልጣኞች ገብተው ለማዳመጥ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ስለ ራሳቸው የተባለውን ሲሰሙ «እንዲያ አልነበረም» እያሉ መከራከር ጀመሩ፤ ክርክሩም ከቀኑ ትምህርት ያልተናነሰ ማስተማሪያ ሆነ። በ1947 በሜይን ግዛት በቤቴል ከተማ የተጀመረው የቡድን ሥልጠና ይህንኑ ይዞ ቀጠለ።

አስተያየት ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለውን እምነት ያናጋው የአቭራሃም ክሉገርና የአንጀሎ ዴኒሲ የ1996 ጥናት ነው። ሁለቱ ከቀደሙ ምርምሮች 607 ውጤቶችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ በአማካይ ሲታይ ግብረ መልስ የሥራ አፈጻጸምን ያሻሽላል፤ ከሲሶ በሚበልጡት ውጤቶች ግን ጭራሽ ቀንሶታል። እንደ እነሱ ማብራሪያ፣ የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ላይ ተነሥቶ ወደ ማንነቱ ሲዞር ጥቅሙ ይመነምናል። «ግድየለሽ ነህ» የተባለ ሠራተኛ ስለ ክብሩ ማሰላሰል ይጀምራል፤ «ትናንት የላክኸው ሪፖርት ላይ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ከድምሩ ጋር አይገጥምም» የተባለው ደግሞ ሠንጠረዡን ይከፍታል። ይህ ምስጋናንም ይመለከታል። «ጎበዝ ነሽ» ደስ ያሰኛል እንጂ ነገ ምን እንደሚደገም አይናገርም።

ሁኔታውን፣ የታየውን ድርጊትና ያስከተለውን ውጤት በቅደም ተከተል መግለጽ የሚመከረውም ለዚህ ነው። «በሰኞው ስብሰባ ደንበኛው ሳይጨርስ ሁለት ጊዜ አቋረጥኸው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ መጠየቁን ተወ» ማለት ይቻላል። «ሰው ትንቃለህ» ግን ግምት ነው። ወቀሳን በሁለት ምስጋና መሃል ሸፍኖ ማቅረብ ሰፊ ልማድ ቢሆንም ብዙም አያዋጣም፤ አድማጩ ዘዴውን አንዴ ካወቀው ምስጋና በሰማ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠባበቃል። ጊዜውን በተመለከተ፣ ነገሩ ሳይረሳ፣ ንዴት ከበረደ በኋላ፣ ለብቻ መነጋገር በአብዛኛው ይበቃል።

ሰዎች መጥፎ ዜና ለባለቤቱ ለመንገር እንደሚያመነቱ ከ1970 ጀምሮ በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ዝምታ ሥራው ጥሩ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ተቀባዩ ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል። «እንዴት ነው ሥራዬ?» ለሚል ሰው «ጥሩ ነው» ይባላል፤ «ከገለጻዬ የትኛው ክፍል ነው ግልጽ ያልሆነው?» ሲባል ግን መልሱ ጠበብ ይላል። ከአለቆች በኩል ደግሞ ጥያቄው ከልብ መሆኑ የሚታወቀው በቃላቸው ሳይሆን የመጀመሪያውን ደፋር አስተያየት በተቀበሉበት ሁኔታ ነው፤ ተናጋሪው ከተቀጣ ወይም ከተሳቀቀ ሁለተኛ አፉን የሚከፍት አይገኝም።

መቀበል ማለት መስማማት ማለት አይደለም። ወዲያው ከመከላከል ይልቅ ምሳሌ መጠየቅ፣ የተባለውን በራስ አነጋገር ደግሞ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ተናጋሪው ነገሩን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ማመዛዘን ይሻላል። መዛኞች እንደሚባለው ገለልተኛ አይደሉም፤ በ2000 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በምዘና ነጥቦች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከግማሽ በላዩ ከመዛኙ የግል አመዛዘን የሚመጣ ሆኖ አግኝቶታል። የአንድ ሰው አስተያየት መነሻ ነው፤ ሦስት የማይመካከሩ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ሲሉ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ከአለቃ፣ ከእኩያና ከበታች በአንድ ጊዜ አስተያየት የሚሰበስበው የ360 ዲግሪ ምዘና የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ስም ሳይጠቀስ ስለሚሞላ በታቾች ይደፍራሉ፤ ችግሩ ማን እንደጻፈው ካልታወቀ ምሳሌ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ውጤቱ ለዕድገትና ለደመወዝ መወሰኛ ሲውል ደግሞ ወዳጅ ለወዳጁ ነጥብ ማብዛቱ ስለማይቀር፣ አንዳንድ ድርጅቶች ለሠራተኛው መማሪያ ብቻ ያውሉታል።