ከ45 በኋላ የአይቲ ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃያ ዓመት ሰርቨር ሲያቆም፣ ኔትወርክ ሲዘረጋ የኖረ ባለሙያ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ «ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ» የምትል መስመር ትገጥመዋለች። በዕድሜ ማግለል አለ፤ መካድ አይቻልም። ችግሩ በዙሪያው የሚወራው አብዛኛው ስህተት መሆኑ ነው፤ በወሬው ተስፋ ቆርጦ ሙያውን ያለ ጊዜው የሚተው ሰው ያሳዝናል።

«ሠራተኛ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው ዕድሜው የገፋው ነው»

ሕጉ እንዲህ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ ጊዜ የመቆየት ቅድሚያ ያለው ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያለው ሠራተኛ ነው። በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ አስቀድሞ የሚቀነሰው በድርጅቱ ያጭር ጊዜ አገልግሎት ያለው ነው። ስለዚህ የነባር ሠራተኛ መከላከያው የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። በየጊዜው የተሞላውን ቅጽ ቅጂ እየጠየቁ ቤት ያስቀምጡ።

ሰው የሚጎዳው «በፈቃድህ ልቀቅ፣ ስምህ እንዳይበላሽ» ሲባል ፈጥኖ ሲፈርም ነው። 15 ዓመት ያገለገለ ሰው በቅነሳ ከወጣ የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ 14 ዓመታት በየዓመቱ የ10 ቀን፣ በድምሩ የ170 ቀን ደመወዝ ነው፤ በዚህ ላይ ቅነሳ በመሆኑ የ60 ቀን ይጨመራል። የ2 ወር ማስጠንቀቂያም አለ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ግን 60 ቀኑን ያጣል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አዋጁ የሥራ መሪዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን አይሸፍንም። «የአይቲ ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ሲሰጥዎ የሥራ መሪ ያደርግዎ እንደሆነ የሥራ ዝርዝሩን አንብበው ይፈርሙ።

«የድሮ ዕውቀት ዋጋ የለውም»

ለዚህ አካባቢ ከዚህ የራቀ አባባል የለም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ተመርቋል። ፋብሪካ እንደ ቢሮ ኮምፒውተሩን በየጥቂት ዓመቱ አይቀይርም። ብዙ የቆዩ ፒኤልሲዎች (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ፕሮግራማቸውን የሚይዙት በትንሽ የሊቲየም ባትሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3.6 ቮልት፣ በሚደገፍ ሜሞሪ ነው። ባትሪው ደክሞ ሳለ መብራት ከጠፋ ፕሮግራሙ ይሰረዛል፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ አይነሳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የምርት መስመሩ ሥራ ባቆመበት ሰዓት፣ ከፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ጋር ሆነው፣ በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ወደ ላፕቶፕ ይገልብጡና በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ የፒኤልሲው ኃይል ሳይቋረጥ ባትሪውን ይቀይሩ፤ ቀኑንም በላዩ ይጻፉ። ኃይል አጥፍቶ ባትሪ የሚነቅል ጀማሪ በደቂቃዎች ውስጥ መስመሩን ያቆመዋል። የቆዩት ፒኤልሲዎች የሚፈልጉት ሲሪያል ወደብ (የድሮው ዓይነት የኬብል መሰኪያ) በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የለም፣ ርካሽ የዩኤስቢ መቀየሪያም መሃል ላይ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሲሪያል ወደብ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕዎን አይሽጡት።

ደሴ ላይ ደግሞ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ በማብቃቱ ኮምፒውተር የሚቀይር ድርጅት ብዙ ነው። ፒችትሪ ዳታውን የሚያስቀምጠው ፐርቫሲቭ በተባለ ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ከቅያሬ በኋላ «ሂሳቡ ጠፋ» ሲባል ብዙ ጊዜ የቆመው የፐርቫሲቭ ሰርቪስ ነው። ሠራተኛው ደንግጦ ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና ከመጫኑ በፊት የዳታ ፎልደሩን ሙሉ ቅጂ መውሰድ ግድ ነው።

የአማርኛ ሰነዶችም ሌላ ሥራ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቢሮዎች በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ፎንቶች ሲጽፉ ቆይተዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር እነዚያ ደብዳቤዎች የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። ወደ ዩኒኮድ ሲቀይሩ በጥቂት ገጽ ይጀምሩ፤ እንደ ሏ፣ ቧ፣ ጓ ያሉትን ፊደላት፣ ነጠላ ሰረዝንና የግዕዝ ቁጥሮችን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ነው።

«በራስ መሥራት ማለት ፒያሳ ላይ ሱቅ መክፈት ነው»

ኪራይ የሚበላው ሱቅ አያስፈልግም። የሚሻለው ከትምህርት ቤት፣ ከክሊኒክ፣ ከሆቴል ጋር የሚደረግ የጥገና ውል ነው። ውሉ ላይ የኮምፒውተሮቹ ብዛት፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚሄዱ፣ ለድንገተኛ ጥሪ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ፣ መለዋወጫ የሚገዛው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመንገዱ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ግን በክረምት ጭጋግ ወርጄ በአንድ ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ መፈረም አይገባም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚከስረው በቋሚ ወርሃዊ ክፍያ ያልተገደበ ጥሪ ሲፈቀድ ነው። ሁለተኛው መክሰሪያ ያለ ንግድ ፈቃድ፣ ያለ ቲንና ያለ ደረሰኝ መጀመር ነው፤ የድርጅቱ ሂሳብ ክፍል ክፍያውን ማወራረድ አይችልም። ባክአፕ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይሁን፤ የደሴው ደንበኛ ቅጂ ኮምቦልቻ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል መልሰው ከፍተው ያሳዩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

«አዲስ ነገር ለመማር ረፍዷል»

የዕድሜ ጉዳይ አይደለም፤ የምርጫ ጉዳይ ነው። ኔትወርክ ላይ የቆየ ሰው ሲሲኤንኤ የተባለውን የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ምስክር ወረቀት ቢያድስ ይጠቅመዋል፤ የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት መሆኑን ግን አይርሳ። በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻና በኢንተርኔት ይሰጣል። ሁሉንም ከመጀመር ከሚያውቁት ሥራ ጋር የሚገናኝ አንዱን መጨረስ ይበልጣል።

«ሲቪ ላይ ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ ሁሉም መዘርዘር አለበት»

ሁለት ገጽ ይበቃል። ያለፉትን 10 ወይም 15 ዓመታት ብቻ ይጻፉ፤ የትውልድ ቀን ካልተጠየቀ አያስገቡ። «የአይቲ ባለሙያ» ከማለት «የ60 ኮምፒውተር ኔትወርክ ዘርግቶ ያስተዳደረ» ማለት ይናገራል፤ ቁጥሩ ግን የእውነት የእርስዎ ይሁን።

«ማስተማር የመምህራን ብቻ ነው»

የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና በሥራ ላይ ያለፉ መዛኞችንም ይፈልጋል። ደሴ ወይዘሮ ስሂን፣ ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላቸው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ይዘው በአካል ሄደው ይጠይቁ።

«ከ60 በፊት ከለቀቅሁ ጡረታዬ ይቀራል»

ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገሉ በፈቃድዎ ቢለቁም 60 ሲሞላዎ አበሉ ይከፈልዎታል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው፤ መዋጮውም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ችግር የሚፈጠረው አሠሪው ከደመወዝ ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ሲቀር ነው። ይህንን ከመልቀቅዎ በፊት፣ ድርጅቱም ሳይዘጋ፣ በጡረታ መለያ ቁጥርዎ ያጣሩ።