ባለቤቴ ልትመጣ ነው፤ ኢንሹራንሱስ? ሰው የሚያወራው እና እውነታው

ባለቤት ከሀገር ቤት ሊመጣ ነው ሲባል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። መጀመሪያ ስለ ቅበላው፣ ቀጥሎ ስለ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ ስለ ሥራ። የጤና ኢንሹራንስ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም አዋቂ ይሆናል። አንዱ «ሜዲኬይድ ታገኛለች» ይላል፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ኢንሹራንስ ማለቱ ነው። ሌላው «ለስድስት ወር ርካሽ ነገር ግዛላት» ይላል። ሦስተኛው «ምንም እንዳታስነካት፣ ግሪን ካርዷን ያበላሻል» ብሎ ያስፈራራል። ሁሉም በቅንነት ነው የሚናገሩት። ግን ምክራቸውን እንዳለ የወሰደ ሰው በኋላ ከቢል ጋር ይፋጠጣል።

የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፤ ባለቤቱን በኢሚግራንት ቪዛ ወይም በእጮኛ ቪዛ ለሚያስመጣ ሰው። በሴት አንቀጽ እጽፋለሁ እንጂ ለባልም ያው ነው። ዓመትና ወሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ኢንሹራንስ የሚከፈተው በኖቬምበር ነው፤ እስከዚያ ትጠብቅ»

ኦባማኬር የምንለው፣ ማርኬትፕሌሱ ማለቴ ነው፣ ሰው ለራሱ የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ፣ ለሁሉም ሰው የሚከፈተው ከኖቬምበር 1 ጀምሮ መሆኑ እውነት ነው። ከውጭ ሀገር ለመኖር የመጣ ሰው ግን የራሱ በር አለው። አሜሪካ ከገባችበት ቀን አንስቶ 60 ቀን ይሰጣታል። በማርች ብትመጣም በኦገስት ብትመጣም ያው ነው። «በፊት ኢንሹራንስ ነበረሽ ወይ?» ተብላም አትጠየቅም፤ ያ ጥያቄ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ቤት ለሚቀይሩ ነው።

እነዚህን 60 ቀናት ከምንም በላይ ጠብቋቸው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚጎዱት ቀኖቹን ስለሚያቃጥሉ ነው።

ፕላኑ የሚጀምረው ከመረጣችሁበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር 1ኛ ቀን ላይ ነው። ጁላይ 10 ገብታ ጁላይ 30 ብትመርጡ ኦገስት 1 ይጀምርላታል። ኦገስት 2 ብትመርጡ ግን ሴፕቴምበር 1 ይሆናል። በሦስት ቀን መዘግየት አንድ ወር ሙሉ ያለ ኢንሹራንስ ቆየች ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ካልተከፈለም ፕላኑ አይጀምርም። «ተመዝግበናል» ብሎ መቀመጥ አይበቃም።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ጆርጂያና ካሊፎርኒያ የየራሳቸው ማርኬትፕሌስ አላቸው። ቴክሳስ ያለ ሰው የፌዴራሉን ሄልዝኬር ዶት ጋቭ ይጠቀማል። ስለዚህ ዳላስ ያለ ዘመድ የነገራችሁ ሁሉ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላይሠራ ይችላል።

«ለጊዜው ሾርት ተርም ይበቃታል፤ ርካሽ ነው»

ርካሽነቱ እውነት ነው። ለምን ረከሰ ብለን ግን አንጠይቅም።

ሾርት ተርም፣ ማለትም ለጥቂት ወራት ብቻ የሚሸጥ ኢንሹራንስ፣ የኦባማኬር ሕግ አይገዛውም። ኩባንያው ስለ ጤናዋ ይጠይቃል፤ ካልተስማማው አይቀበላትም። ከተቀበላትም በፊት የነበረባትን ህመም አይሸፍንም። አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናና ወሊድ የሉበትም። መድኃኒትና የአእምሮ ሕክምናም ብዙ ጊዜ ተቀንሰው ወይም ጭራሽ ወጥተው ነው የሚሸጠው። ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከታመመች በኋላ ነው። ቢሉ ሲደርሰው ኩባንያው የድሮ ሕክምናዋን ማጣራት ይጀምራል። አዲስ አበባ ሆና ለጨጓራ ወይም ለደም ግፊት ታክማ ከነበረ «ይሄማ ከመምጣቷ በፊት የነበረ ነው» ሊል ይችላል። ያኔ ቢሉ የእናንተ ነው።

ጊዜውም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከሴፕቴምበር 1፣ 2024 ወዲህ የሚሸጥ ሾርት ተርም ከ3 ወር እንዳይበልጥ፣ ከማራዘሚያው ጋር ደግሞ ከ4 ወር እንዳያልፍ የፌዴራል መንግሥት ደንብ አውጥቷል። በኦገስት 2025 ግን ያው መንግሥት ይህን ደንብ ማስከበር ቅድሚያ የምሰጠው ጉዳይ አይደለም አለ። ረዘም ያለ የሚሸጥ ኩባንያ ብታዩ አይግረማችሁ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሸጥም።

ሻጩ ደፍሮ የማይነግራችሁ ሌላ ነገር አለ። ሾርት ተርሙ ሲያልቅ ማርኬትፕሌሱ አዲስ በር አይከፍትላችሁም። በሥራ የተገኘ ኢንሹራንስ ቢቋረጥ ይከፍታል፤ ለዚህኛው ግን አይከፍትም። በማርች መጥታ የሦስት ወር ሾርት ተርም ብትገዙላት ጁን ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ 60 ቀኑም አልፏል። ኖቬምበር ላይ ብትመዘገቡ ሽፋኑ የሚጀምረው ጃንዋሪ ነው። ግማሽ ዓመት ሙሉ ባዶ።

ታዲያ ከገባችበት ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ያለችውን ጊዜ እንዴት እንሸፍን? ለእሷ የጎብኚ ኢንሹራንስ የሚባለው አለ፤ ከመሳፈሯ በፊት ሊገዛ ይችላል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ሕክምና የተወሰነ ዶላር ብቻ ይከፍላል፤ የቀረው በእናንተ ላይ ነው። ሁለተኛው ከቢሉ በመቶኛ እስከ ጣሪያው ድረስ ይከፍላል። እኔ ከተጠየቅሁ ሁለተኛውን እላለሁ፤ ለዚያውም ለሦስት ለአራት ሳምንት ብቻ። እሱም ነባር ህመምን እንደማይሸፍን ግን እወቁ።

በስልክ የሚሸጥላችሁን ሰው ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። «የስኳር በሽታ አለባት? እርጉዝ ናት? ሆስፒታል ተኝታ ታውቃለች?» ብሎ እየጠየቀ ክፍያውን ከቀያየረ ወይም «አንቀበላትም» ካለ የሚሸጠው ኦባማኬር አይደለም። የማርኬትፕሌስ ፕላን ዋጋውን የሚያወጣው በዕድሜ፣ በመኖሪያ ቦታና ሲጋራ በማጨስ ነው እንጂ በህመም አይደለም።

«በሥራዬ ላስገባት የምችለው በተጋባን ሰሞን ነበር፤ አለፈኝ»

ግማሹ እውነት ነው። ጋብቻ በሥራ ኢንሹራንስ ላይ ቢያንስ የ30 ቀን ዕድል ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ ተጋብታችሁ ቪዛው ሁለት ዓመት ከፈጀ ያ 30 ቀን ድሮ አልቋል። ይሁን እንጂ ብዙ አሠሪዎች የትዳር ጓደኛ ከውጭ ሀገር መግባቱን እንደ አዲስ ምክንያት ይቀበላሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የፕላን ሰነድ ነው። ስለዚህ ገና ቲኬት ሲቆረጥ ለኤችአር (ለመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ኃይል ክፍል) ኢሜይል ጻፉ። «ባለቤቴ በዚህ ቀን ትገባለች፤ በስንት ቀን ውስጥ ላስገባት? ምን ማስረጃ ላቅርብ?» በቃል «ችግር የለም» ቢሏችሁ አትርኩ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

በእጮኛ ቪዛ ለምትመጣው ነገሩ ይቀላል። በ90 ቀን ውስጥ እዚሁ ስለምትጋቡ 30 ቀኑ ከሠርጉ ቀን ይቆጠራል።

ሥራ ቦታው የሚጠይቀው የቤተሰብ ክፍያ ከከበደስ? ከ2023 ጀምሮ ለቤተሰብ የሚቆረጠው ገንዘብ ከቤተሰቡ ገቢ ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ እናንተ በሥራችሁ ቆይታችሁ እሷ ማርኬትፕሌስ ላይ ድጎማ፣ ማለትም የወር ክፍያዋን የሚያቀልላት የመንግሥት ገንዘብ፣ መጠየቅ ትችላለች። መጠኑ ለ2026 9.96 በመቶ ነው። በፊት የሚታየው የሠራተኛው ብቻ ክፍያ ስለነበር «ሞክረን አይሆንም ተባልን» የሚሉ የቆዩ ሰዎች አልዋሹም። ሕጉ ነው የተለወጠው።

«ሶሻል ሴኩሪቲዋ ሳይመጣ አይቻልም»

ይቻላል። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ኢሚግራንት ቪዛ የመግቢያ ማህተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ኤ ነምበር የሚባለው የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥርም እዚያው ቪዛው ላይ አለ። በእሱ አመልክቱ፤ ሶሻሉ ሲመጣ ትጨምራላችሁ።

«ግሪን ካርድ ካላት ሜዲኬይድ ታገኛለች»

ከ1996 ጀምሮ ባለው ሕግ አብዛኛው ባለ ግሪን ካርድ ለፌዴራል ሜዲኬይድ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ብዙ ስቴቶች ይህን ጥበቃ አንስተዋል። ጥቂት ስቴቶች ደግሞ በራሳቸው ገንዘብ ይሸፍናሉ። በጥገኝነት ወይም በስደተኛ በኩል የመጡ 5 ዓመት አይጠብቁም ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ የእነሱንም መብት በእጅጉ አጥብቦታል።

ይኸው ሕግ ሌላም ክፍተት ፈጥሯል። በፊት ገቢው በጣም ዝቅ ያለ፣ ግን 5 ዓመት ያልሞላው ሰው የማርኬትፕሌስ ድጎማ ያገኝ ነበር። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ወዲህ ያ ቀርቷል። ለ2026 ድጎማ ለማግኘት የሁለት ሰው ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ከ21,150 ዶላር ማነስ የለበትም፤ ከ84,600 ዶላርም መብለጥ የለበትም። በተጨማሪ ባልና ሚስት ታክስ አብረው ማሠራት አለባቸው። «ለየብቻ እናሠራ፣ ይሻለናል» የሚል ካለ ይህን አስታውሱት፤ ለየብቻ ካሠራችሁ ድጎማው ይቀራል፣ የተወሰደውም ይመለሳል። ከ2027 ጀምሮ ደግሞ በእጮኛ ቪዛ ያለች ሰው ግሪን ካርድ እስክታገኝ ድጎማ የላትም።

«እርዳታ ከነካች ወረቀቷ ይበላሻል»

ይህ ፍርሃት ከምንም አልመጣም። በኦክቶበር 2019 አንድ የፕሬዚዳንት አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በ30 ቀን ውስጥ ኢንሹራንስ እንደምትገባ ያላሳየች ቪዛ አይሰጣት የሚል። በሜይ 2021 ተሽሯል። ወሬው ግን እስካሁን ቀጥሏል። በ2022ቱ ደንብ የማርኬትፕሌስ ድጎማ «የመንግሥት ሸክም ትሆናለች» ተብሎ ግሪን ካርድ ለመከልከል አይቆጠርም። ሜዲኬይድም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ተቋም ውስጥ ለመጦር ካልሆነ አይቆጠርም። በኖቬምበር 2025 ግን መንግሥት ይህን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ግሪን ካርዷን ገና እዚህ ሆና የምትጠብቅ ከሆነ ሜዲኬይድ ከመሙላቷ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ግሪን ካርድ ይዛ ለገባች ሴት ይህ የመንግሥት ሸክም ፈተና ለዜግነት ስታመለክት አይነሳም።

«እርጉዝ ሆና ብትመጣ ማንም አይቀበላትም»

ሾርት ተርም አይቀበላትም። የማርኬትፕሌስ ፕላን ግን እምቢ ማለት አይችልም፣ ወሊድንም ይሸፍናል። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ እርግዝናው ራሱ የመመዝገቢያ በር ይከፍታል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ ምጥና ወሊድን ይሸፍናል፤ የ5 ዓመቱ ጥበቃ እዚያ ላይ አይሠራም።

«የቪዛ ምርመራ አልፋለች፤ ጤነኛ ናት»

ያ ምርመራ ዋና ዓላማው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችንና ክትባትን ማየት ነው። ስኳሯን ወይም የማኅፀኗን ጤና ተከታትሎ አይነግራችሁም።

«ከባሰ ኢመርጀንሲ ሩም ነፃ ነው»

የ1986ቱ ሕግ ሆስፒታሉ ገንዘብ ሳይጠይቅ መርምሮ እንዲያረጋጋት ያስገድደዋል። ቢል አይላክባችሁም ግን አይልም። ቢሉ ከመጣ አትደንግጡ፣ ወረቀቱንም አትጣሉት። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ አቅም ለሌለው ሰው የቅናሽ ፖሊሲ ሊኖረው ግድ ነው። ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለበት። ለቀላል ህመም ደግሞ ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ይሻላል፤ ክፍያው በገቢ ልክ ነው። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሜሪስ ሴንተር አንዱ ነው።

«የእኔ ሜዲኬር እሷንም ይይዛታል»

አይይዛትም። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለግለሰብ እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። ጡረታ ወጥተው ሚስት የሚያመጡ አባቶች ይህን ቀድመው ይወቁት።

«ኢንሹራንስ ከሌላት አይ አር ኤስ ይቀጣናል»

የፌዴራሉ ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሮድ አይላንድና ዲሲ ግን የራሳቸው ቅጣት አላቸው።

«በአማርኛ የሚያስረዳን የለም»

አለ። ማርኬትፕሌሱ ጋ ስትደውሉ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኟችኋል። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ይህን የሚያስገድድ የቋንቋ ሕግ አለ። ናቪጌተር የሚባሉ ሰዎችም ያለ ክፍያ ቅጹን አብረው ይሞላሉ፤ ገንዘብ የጠየቃችሁ ሰው ናቪጌተር አይደለም። ከመደወላችሁ በፊት ፓስፖርቷን ከነማህተሙ፣ የገባችበትን ቀን፣ የዓመቱን የቤተሰብ ገቢ ግምትና የምትወስደውን መድኃኒት ስም ያዙ። ከመምረጣችሁ በፊት ደግሞ የወር ክፍያውን ብቻ አትዩ። ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን፣ ጠይቁ። አማርኛ የሚናገረው ሐኪም ያን ፕላን ይቀበል እንደሆነም ለክሊኒኩ ራሱ ደውላችሁ አረጋግጡ።