ከጦር መሣሪያ ግዢ ራስን በፈቃድ ማገድ

ከጦር መሣሪያ ግዢ ራስን በፈቃድ ማገድ፣ አንድ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ሻጮች መሣሪያ እንዳይሸጡለት የሚያደርግበት ሕጋዊ አሠራር ሲሆን፣ በጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች ይሠራበታል። ተመዝጋቢው ወንጀል የሠራ ወይም ፍርድ ቤት ያገደው ሰው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም እንደሚመላለስበት የሚያውቅና በደኅናው ቀን ለክፉው ቀን የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

ለሐሳቡ ለዓመታት የተሟገቱት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ፍሬድሪክ ቫርስ ናቸው። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ራስን የማጥፋት ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንገት ገንፍሎ የሚበርድ በመሆኑ፣ መሣሪያ በቅርብ ካልተገኘ ያ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት 200 የአእምሮ ሕክምና ተከታታዮች 46 በመቶው ስማቸውን ለማስመዝገብ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ይህም ታማሚ ለራሱ ማሰብ አይችልም የሚለውን ግምት ውድቅ ያደርጋል።

ሕጉን በ2018 ቀድማ ያወጣችው ዋሽንግተን ግዛት ናት። አመልካቹ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዞ በማንኛውም ካውንቲ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ቅጹን ያስገባል፤ ስሙም ሻጮች ከሽያጭ በፊት የገዢውን ማንነት ወደሚያጣሩበት የፌዴራል ሥርዓት ይተላለፋል። ሐሳቡን ቢቀይር እገዳውን ማንሳት ይችላል፣ ነገር ግን ቢያንስ 7 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እገዳው ሲነሳ መዝገቡ ይጠፋል፤ ተመዝጋቢው ከፈለገም በዚያን ጊዜ የሚነገረውን አንድ የሚያምነውን ሰው አስቀድሞ መጥቀስ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው፤ ወዳጅ ወይም ዘመድ በጊዜ ደርሶ ሊያነጋግረው ይችላልና።

ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተመሳሳይ መዝገብ በግዛቱ ፖሊስ በኩል የምታካሂድ ሲሆን፣ ስምን ለማስወጣት የሚጠበቀው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ ዩታም በ2021 የራሷን ሕግ አውጥታለች። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ሲያትልና ሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኙት በእነዚህ ግዛቶች ስለሆነ፣ አሠራሩን በአማርኛ ማስረዳት የሚገባ ሥራ ነው።

እስካሁን የተመዘገበው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ስለ መዝገቡ ሰምተው አያውቁም፣ በሕመም የደከመ ሰውም ተነስቶ ቢሮ ድረስ መሄድ ይከብደዋል። በተጨማሪም መዝገቡ የሚዘጋው የመሸጫውን በር ነው፤ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ያለውን ሽጉጥ በራሱ ከመሳቢያ አያወጣውም።