ድንኳን ጭኖ ጮቄ መውጣት፦ የሚወራውና እውነታው

ባልና ሚስት ድንኳን ጭነው ጎጃምን ሊዞሩ ነው ከተባለ መካሪው ይበዛል። ግማሹ ምክር ግን ስህተት ነው።

«ጎጃም ሜዳና ጤፍ ነው፣ ተራራ ካማራችሁ ስሜን ሂዱ።» የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የውርጭ አገር ዕፅዋቱ፣ ጅብራው፣ አስታው፣ ጓሳው ሁሉ አለ። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ሽቅብ ማለት ነው።

«ዓባይ በረሃን ስትወርዱ ዜሮ ማርሽ ላይ ልቀቁት፣ ቤንዚን ይቆጥባል።» ኧረ በፍጹም! ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ መኪናውን ፍሬን ብቻውን ከያዘው ይግልና አልይዝ ይላል። በከባድ ማርሽ ውረዱ። የዛሬ መኪኖች ደግሞ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጡታል፣ ስለዚህ ቁጠባው የሚባለውም የለም።

«ክረምቱ ካለፈ ብርድ የለም፣ አንድ ጋቢ ይበቃል።» ብዙዎችን የሚጎዳው ይሄ ነው። ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ነው፣ ላብ ያጠምቃችኋል። የዚያኑ ዕለት ማታ ጮቄ 3,500 ሜትር ላይ ድንኳን ተከላችሁ እንበል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሙቀቱን የሚያቅፍ ደመና የለም፣ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ሁለት ነን፣ እንተቃቀፋለን» የሚሉም አሉ። እሺ፣ ግን ብርዱ የሚመጣው ከመሬቱ ነው። ከላይ ከምትደርቡት በፊት ከሥር ወፈር ያለ ፍራሽ አንጥፉ።

«ፍም የሆነ ከሰል አይጎዳም፣ ድንኳን ውስጥ አስገቡት።» ይገድላል። ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በእንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። ከሰሉ ውጭ ይደር።

«ምስሩን እዚያው እንቀቅላለን።» በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስሩ ሲንተከተክ ያመሻል እንጂ ቶሎ አይበስልም። ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ያዙ። ውሃውን ግን ምንጭ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትጠጡ፣ ከላይ ከብት ይሰማራል፣ አፍሉት።

«ባዶ ሜዳ ነው፣ ማን ይጠይቀናል?» ባዶ የመሰላችሁ ግጦሽ ነው፣ ባለቤት አለው። ከመትከላችሁ በፊት አንድ አዛውንት ፈልጉና «እንደምን ዋሉ አባባ፣ እዚህ ብናድር ይፈቀድልናል?» በሏቸው። ባልና ሚስት መሆናችሁን መጠየቃቸው አይቀርም፣ አትቀየሙ። ተግባብታችሁ ካደራችሁ የሰፈሩ ውሻም ለእናንተ ይጮኻል።

የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ አጣሩ። ፌስቡክ ላይ የሚጣራ ነገር አይደለም።