የሞተር ዘይት መጥቆር ምንድን ነው?

«ዘይት ከቀየርኩ ገና ሁለት ቀኔ ነው፣ ጠቁሯል። ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ!» ጅማ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይሄድም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው የሸራ ጀልባ ሞተር ዘይት ሲቀየር የሚያሳይ ቪዲዮ አጋራ። የወጣው ዘይት ጥቁር ነው። «ዘይት ሳይቀይር ከርሞ ሞተሩን እንዴት እንዳቃጠለው እዩ» ብሎ ጻፈበት። ብዙ ሰው አመነው። ይኼኛውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ያ ዘይት ስራውን የሰራ ዘይት ነው።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይነድም። ሁልጊዜ ትንሽ ጥላሸት ይፈጠራል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን በሚዘጋው ቀለበት) ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ደህና ዘይት ውስጥ ደግሞ ለዚሁ ተብለው የተጨመሩ ኬሚካሎች አሉ። አንዱ ቆሻሻውን ከብረቱ ላይ ያስለቅቃል፣ ከቃጠሎው የሚመጣውን አሲድም ያመክናል። ሌላው የተለቀቀው ጥላሸት ተጓጉሎ እንዳይዘቅጥ በትኖ ይይዘዋል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ጫፍ ላይ የምታየው ጥቁረት ይኸው ተበትኖ የተያዘ ጥላሸት ነው። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር አዲስ ዘይትን በጥቂት ሰዓት ስራ ያጠቁራል። ሲቀየር ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ዘይትም የራሱን ቀለም ይጨምርበታል።

ጋቢ ሲታጠብ አስብ። ውሃው ሲጠቁር «ሳሙናው ፎርጅድ ነው» የሚል የለም። እንዲያውም ውሃው ጠርቶ ጋቢው እንደቆሸሸ ከቀረ ነው ሳሙናው የሚጠረጠረው። ሳሙናው ግን ያልቃል። አረፋው ከጠፋ በኋላ ብታሽ ብታሽ ቆሻሻው አይለቅም። የዘይቱም ኬሚካል እንዲሁ ያልቃል፤ ማለቁን ግን በቀለሙ አታውቀውም። «ጎደለ ሲሉኝ እየጨመርኩ ነው፣ መቀየር አያስፈልገውም» የሚለው ሰው እዚያው ቆሻሻ ውሃ ላይ ትንሽ ሳሙና እየጨመረ ነው። ጋቢውን በቆሸሸው ውሃ ውስጥ ካሳደርከው ደግሞ ቆሻሻው ተመልሶ ይይዘዋል። ይህቺን ነጥብ ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ታዲያ ፊልትሮው ምን ይሰራል?» ይላሉ። ጥላሸቱ ከ1 ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች ነው። የተለመደ ፊልትሮ በደንብ የሚይዘው ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ነው፦ የብረት ብናኝና የተጓጎለ ቆሻሻ። ጥላሸቱ ያልፋል። ፊልትሮ ቀይሮ ዘይቱ እስኪጠራ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጠብቃል።

ወደ ጀልባው እንመለስ። የሸራ ጀልባ ዋና ጉልበቱ ነፋስ ነው። ሞተሩ የሚነሳው ከወደብ ለመውጣት፣ ለመግባት ወይም ባትሪ ለመሙላት ነው። ብዙ ጊዜም በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። ከቃጠሎው የሚመጣው እርጥበት ተንኖ ለመውጣት ሙቀት ስለሚፈልግ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ይቀራል። ያልነደደ ናፍጣም ይቀላቀላል፣ አሲድም ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ዘይት ብዙም ሳይጠቁር ሊበላሽ ይችላል። የሞተር አምራቾች «ይህን ያህል ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው» የሚሉት ለዚህ ነው። በትንንሽ የጀልባ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ነው። ለአዲስ ሞተር የመጀመሪያው ቅያሬ 50 ሰዓት አካባቢ ላይ ይመጣል።

ያ ሰው «የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ አያፈስም?» ብሎም ተችቷል። የት ያፍስሰው? ሞተሩ ጀልባው ሆድ ውስጥ ተጣብቆ ነው የተቀመጠው። ብዙ ጊዜ ከስሩ ባልዲ የሚገባበት ቦታ የለም። ዘይቱ ጀልባው ወለል ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ውሃ ማውጫው ፓምፕ ወደ ባህሩ ይተፋዋል። ስለዚህ ሞተሩን ያሞቁታል፣ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይሰዳሉ፣ በእጅ ፓምፕ ይስባሉ። ማሞቁ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ቆሻሻውም እንደተበተነ አብሮ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? በጣም ያደርጋል። አጋሮና ሊሙ አካባቢ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን ተመልከት። በናፍጣ ሞተር የሚሰራ መፈልፈያ ያለው ጣቢያ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ገደማ ሌት ተቀን ይሰራል። ከዚያ ይዘጋል። ዘይቱን ግን «ለሚቀጥለው ዓመት ስንከፍት እንቀይራለን» ይላሉ። ያኔ ሞተሩ ያን ሁሉ ወር፣ የጅማን ክረምት ጨምሮ፣ አሲድና እርጥበት ባለው ዘይት ተነክሮ ይከርማል። ጋቢው በቆሻሻ ውሃ አደረ ማለት ነው። የቀዝቃዛ አገር ጀልበኞች ለክረምት ጀልባቸውን ሲያሳርፉ ዘይቱን የሚቀይሩት ከማሳረፋቸው በፊት ነው። አዲሱን ዘይት ሞልተው ሞተሩን ትንሽ አስነስተው ያዳርሱታል። የመፈልፈያ ባለቤቶችም ቡናው ሲያልቅ፣ በር ሳይዘጋ፣ እንዲሁ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

መደንገጥ ያለብህስ መቼ ነው? ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ሲመስል። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። መኪና ላይ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ጀልባ ላይ የባህር ውሃም ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ሳትጨምርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተም ሞተሩን አታስነሳ። ናፍጣ የቀላቀለ ዘይት ቀጥኖ ብረቱን መጠበቅ ያቅተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የምናገረው ስለ ናፍጣ ነው። ባለ ቤንዚን ሞተር፣ ለምሳሌ ባጃጅ፣ ዘይቱን የሚያጠቁረው ቀስ ብሎ ነው። በአንድ ጊዜ ከጠቆረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጅማ ደግሞ ከባህር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ባህር ዳርቻ ካለው መንትያው የበለጠ ጥላሸት ያወጣል። የሚጨስ አሮጌ ሞተር ያለው ሰው መጽሐፉ ላይ ያለውን ሰዓት ባይጠብቅ ይሻለዋል።

ፎርጅድ ዘይት የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን ኬሚካሉ የሌለው ዘይት ጥላሸቱን በትኖ መያዝ ስለማይችል ቆሻሻው ኮፓው ስርና ቴስታታው ላይ ይጋገራል። ከላይ በመለኪያው የምታየው ዘይት ከደህናው ይልቅ የጠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሱቁ ላይ ከመጮህህ በፊት ቆርቆሮውን አገላብጠህ እይ። ማሸጊያው ተነካክቷል? በሲ (C) የሚጀምረው የናፍጣ ሞተር ዘይት ደረጃ፣ ለምሳሌ ሲኤች-4 (CH-4) ወይም ሲአይ-4 (CI-4)፣ ተጽፎበታል? ከሞተርህ መጽሐፍ ጋር ይገጥማል? አሮጌውን ዘይት ደግሞ በጀሪካን ያዝ እንጂ አዌቱ ወንዝ ውስጥ አትድፋው።