የልብ ምት የሚያዳምጥ አስፈሪ ጌም፦ የሚወራውና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር አንድ አስፈሪ የኮምፒውተር ጌም እንሠራለን። ተጫዋቹ ስማርት ሰዓት ወይም የደረት ቀበቶ ያስራል። ጌሙ የልብ ምቱን በብሉቱዝ ይቀበልና ጨለማውን፣ ጉሙንና ድምፁን እንደ ምቱ ይቀያይራል። ሰሞኑን አፕዴት እያዘጋጀን ስለሆነ ያገኘን ሰው ሁሉ ምክር ይለግሰናል። ደስ ይላል፤ ግን ብዙው ምክር ከተሳሳተ ነገር ስለሚነሳ እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«አፕዴት ማለት አዲስ ጭራቅ ማለት ነው»

አይደለም ጎበዝ። ጭራቅማ ሞልቷል። ጅብ ጨምሩ የሚሉንም አሉ፤ እሱ እንኳ ገብቷል። ከባዱ ሥራ ያለው ጌሙ ቁጥሩን እንዴት ይረዳዋል የሚለው ላይ ነው።

«ልቡ ከሮጠ ፈርቷል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ልብ ሲስቁም ይፈጥናል፣ ሲናደዱም፣ ደረጃ ሲወጡም። የባሕር ዳርን ልጅ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሙቀት ብስክሌቱን እየጋለበ ይመጣል፣ ላቡን ሳይጠርግ ሰዓቱን ያስራል፣ ገና «ጀምር» የሚለውን ሳይጫን ስክሪኑ ላይ 118 ይነበባል። ምን አይቶ ነው የሚፈራው? ግድግዳውን? ቁጥሩን ብቻ የሚያምን ጌም ግን ይሄን ልጅ በፍርሃት ያለቀለት አድርጎ ይወስደውና በሩን ሳይከፍት ጉሙን ሁሉ ይለቅበታል።

የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሰው አስፈሪ ነገር አይቶ ክው ሲል ልቡ ለአፍታ ቀስ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የወረደ ሁሉ ጀግና አይደለም። የልብ ምት የሚነግረን ሰውነት መነቃቃቱን ወይም መርጋቱን ነው፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ምክንያቱን ጌሙ ራሱ ከሁኔታው መገመት አለበት። ተጫዋቹ የት ቆሟል? ፊት ለፊቱ ምን አለ? ጆይስቲኩን እየነካካ ነው ወይስ ደርቆ ቀርቷል?

«100 ሲሞላ ጭራቁ ይውጣ»

ጌም ቤት ውስጥ ይሄን የማይል የለም። ቁጭ ያለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ስፖርት የለመደ ሰው ደግሞ ከ60 በታች ይወርዳል። እንግዲህ አንዱ 92 ላይ ተዝናንቶ ይጫወታል፣ ሌላው 92 ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለሁለቱም አንድ ቁጥር መቁረጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አፕዴቱ ይሄን የሚፈታው ተጫዋቹን ከራሱ ጋር በማወዳደር ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያስቀምጠዋል፤ ምንም አይከሰትም፣ ዝናብ ብቻ ይሰማል። የዚያ ጊዜ አማካይ መነሻው ይሆናል። የትናንቱ መነሻ ደግሞ ለዛሬ አይሠራም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጨርሶ የመጣ ሰው አለ፤ እንቅልፍ ያጣም አለ። ከዓባይ በረሃ ተነስቶ ከ2,400 ሜትር በላይ የሆነችው ደብረ ማርቆስ የወጣ ሰውም ከፍታውን እስኪለምደው ልቡ ፈጠን ሊል ይችላል።

«ተጫዋቹ በፈራ ቁጥር ጌሙ መባስ አለበት»

አንዱ መንገድ እሱ ነው። አሜሪካዊቷ ኤሪን ሬይኖልድስ በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራ የጀመረችውና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኔቨርማይንድ የተባለው ጌም እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ስትጨነቁ ይከብዳል፣ ስትረጋጉ ይቀላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌፍት ፎር ዴድ የተባለው የዞምቢ ጌም ግን ያለ ምንም ሴንሰር፣ ማለትም ሰውነትን የሚለካ መሣሪያ ሳይኖረው፣ የተጫዋቹን ውጥረት ከጨዋታው ይገምታል፣ ጣሪያ ሲነካም ዞምቢዎቹን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሳል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ፋታ ያላገኘ ሰው መፍራቱን ትቶ መሰልቸት ይጀምራል።

«ሰዓቱ ወዲያው ያውቃል»

አያውቅም። የሰዓቱ ጀርባ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳችሁ ላይ ያበራና ደም ሲያልፍ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ሲለዋወጥ ይቆጥራል። ከዚያ የጥቂት ሰከንዶችን አማካይ ይልካል። እናንተ ጮኻችሁ፣ ስቃችሁ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ቁጥሩ ይደርሳል። ማሰሪያው ከላላ ወይም እጅ ከተወራጨ ደግሞ ጭራሽ ይሳሳታል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው የደረት ቀበቶ ይሻላል፤ ግን ማን ገዝቶ ያስራል?

ስለዚህ ድንገት የሚያስደነግጠውን ነገር ለምቱ አንሰጠውም። ለምቱ የሚሰጠው ቀስ ብሎ የሚለወጠው ነው። ለምሳሌ ጅቡ። አይታይም፤ ከሩቅ ይጮኻል፣ ምታችሁ ከመነሻው ከፍ ብሎ በቆየ መጠን ጩኸቱ ወደ አጥሩ ይጠጋል። ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱን ማየት ነው!

«የላፕቶፕ ካሜራ ይበቃል»

ካሜራ የፊትን ጥቃቅን የቀለም ለውጥ አይቶ የልብ ምት መገመት ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ብርሃን ይፈልጋል። አስፈሪ ጌም ደግሞ መብራት ተጠፍቶ ነው የሚጫወቱት። በቃ።

«አዲስ ፈጠራ ነው»

በ1998 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣው ቴትሪስ 64 የተባለ ጌም ጆሮ ላይ በሚቆነጠጥ ሴንሰር የልብ ምት ያነብ ነበር። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ ኒንቴንዶም በ2009 እ.ኤ.አ. የልብ ምት የሚያነብ የጣት ሴንሰር አስተዋውቆ ሳይሸጠው ቀረ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ከ100 ሰው በ90ው ላይ ብቻ በደንብ ይሠራል ነው የተባለው።

«ሰዓቱን ፈትቼ እሸውደዋለሁ»

ይቺን የፈጠሯት ጮሌዎች አሉ። ሰዓቱ ሲፈታ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ጌሙም «ተረጋጋ» ብሎ ጅቡን ያርቀዋል ብለው ነው። በአፕዴቱ ግን የጠፋ ቁጥር እንደ መረጋጋት አይቆጠርም፤ ጅቡ ባለበት ይቆማል። ሰዓቱ ቻርጅ ጨርሶ ከሆነም እንደዚያው፣ ያለ ሴንሰር መቀጠል ትችላላችሁ።

ቀስ ብሎ እየተነፈሱ፣ በተለይ አወጣጡን እያረዘሙ ምትን ማውረድ ግን ማታለል አይደለም። እሱን ከቻላችሁበት ጅቡ በእውነት ይርቃል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የእኛ ጌም የሕክምና መሣሪያ አይደለም፣ አደጋም ቢመጣ አያውቀውም።