ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን፦ ከደሴ ብርድ እስከ ኮምቦልቻ ሙቀት

ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን የሚባለው ትራሱ ጆሮው ላይ ሳይሆን በጆሮው ዙሪያ የሚያርፍ ማዳመጫ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኤርፎን ነው። ጆሮው ላይ ተደግፎ የሚቀመጥ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። እሱ ቀለል ይላል፣ ግን ሰዓት ሳይሞላ የጆሮን ጠርዝ ማሳመም ይጀምራል። ሱቅ ስትገቡ "ትልቁን፣ ጆሮ የሚሸፍነውን" ብትሉ ቶሎ ትግባባላችሁ።

ይህን ያጠናቀርኩት በአማርኛ ስለ ዕቃው ስፈልግ ከዋጋ ማስታወቂያ ሌላ ብዙም ስላላገኘሁ ነው። የተደገፍኩት በሁለት ነገር ነው፦ አምራቾቹ በሚያወጡት መግለጫና በራሴ ጆሮ። ስለዚህ የግራሙንና የዓመቱን ነገር በድፍረት እናገራለሁ፤ የድምፅ ጣዕም ላይ ስደርስ ግን የአንድ ወሎዬ አስተያየት ነው ብላችሁ ውሰዱት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምቾቱ ከየት ይመጣል

ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቤዙ እንዴት ነው?" ብሎ ነው። የምቾት ጥያቄ የሚመጣው ዕቃው ተከፍሎበት፣ ቤት ተገብቶ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ አናት መቆርቆር ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ መመለሻ የለም።

መጀመሪያ ክብደት። የሶኒ ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም5 250 ግራም ገደማ ነው። ስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎች የሚወዱት የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ 270 ግራም፣ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤምፊፍቲኤክስ 285 ግራም። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ ከሁሉም ይብሳል፣ 385 ግራም ገደማ። ልዩነቱ እጅ ላይ ምንም አይደለም፣ አንገት ላይ ግን ማታ ይታወቃል። ይሁንና ግራም ብቻውን አይፈርድም። አናት ላይ የሚያልፈው ቅስት ሰፊ ከሆነ ክብደቱን ያዳርሰዋል፤ ቀጭን ቅስት ደግሞ ቀላሉንም ዕቃ አንድ ነጥብ ላይ ያስቆረቁረዋል።

ሁለተኛው ጥብቀቱ ነው። በጣም ከላላ ስታጎነብሱ ይወድቃል፣ በጣም ከጠበቀ መንጋጋ ያሳምማል። ቅስቱ ብረት ከሆነ ከራሳችሁ ትንሽ ሰፋ ባለ የመጽሐፍ ክምር ላይ አጥልቆ ማሳደር ያላላዋል። ፕላስቲክ ከሆነ አትሞክሩት፣ ይሰበራል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ጥብቀቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ትራሱ የመነጽሩን እግር ከጆሮ ጀርባ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ለመነጽር ለስለስ ያለና ወፈር ያለ ትራስ ነው የሚሻለው።

እዚህ ላይ የፈረንጅ ጽሑፎች ብዙም የማያነሱት ነገር አለ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ቅስቱ የጉንጉኑ ስፌት ላይ ሲጫን ታውቀዋለች። ሒጃብ ወይም ሻሽ ካለ ደግሞ ጨርቁ ትራሱ በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል፣ ቤዝ በዚያች ክፍተት ያመልጣል፣ ድምፅ ማጥፊያውም (የውጭ ጩኸትን የሚሰርዘው መሣሪያ) ይዳከማል። አንድ ስስ እጥፍ ብዙ አይጎዳም፤ ሁለት ሦስት እጥፍ ሲሆን ነው ችግሩ። ስለዚህ ስትሞክሩ ዘወትር በምትሆኑት አለባበስ ሞክሩ። ትልቅ የጆሮ ጌጥም እንዲሁ።

ሦስተኛው ትራሱ ነው፣ ብዙ ሰው ስፖንጁ የሚለው። ጥልቀቱን እዩ፤ ጆሯችሁ ውስጡ ካለው የስፒከር ጨርቅ ጋር ከተነካካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያማል። ልባሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ የውጭ ድምፅ ያግዳል፣ ቤዝ ይይዛል፣ ግን ያልባል። ከፋይ የሚመስለው ጨርቅ ይተነፍሳል፣ ትንሽ ድምፅ ግን ያሳልፋል።

የአየሩ ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ፣ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ደሴ ውስጥ የቆዳ ትራስ እንደ ኮፍያ ነው፣ እኔ እንዲያውም ሳላበራው የማደርገው ጊዜ አለ። ያንኑ ሄድፎን ይዛችሁ ኮምቦልቻ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ብታደርጉት ጆሯችሁ ይቀቀላል። ስለዚህ የደሴ ሰው ቆዳ፣ የኮምቦልቻ ሰው ጨርቅ ቢገዛ ባይ ነኝ። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ትራሱ የሚወልቅና የሚቀየር ዓይነት ይፈልግ።

ታሪኩ

በ1910 አካባቢ ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሄድፎን ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሸጠ። በ1937 ጀርመኖች ዲቲ 48 የተባለውን ሄድፎን አወጡ።

የኛ ዓይነት አድማጭ የተወለደው ግን በ1958 ነው። የሚልዋኪው ጆን ኮስ ሊሸጥ ያሰበው ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ሰው ሳይረበሽ ለብቻው እንዲሰማ ብሎ ማዳመጫ አያያዘበት። በዚያው ከተማ በተካሄደ የድምፅ ዕቃዎች ትርዒት ላይ ሰዉ ማጫወቻውን ትቶ ማዳመጫው ላይ ተረባረበ። ያኔ ሄድፎን የስልክ ኦፕሬተርና የወታደር ዕቃ ነበር፤ ሙዚቃ በስቴሪዮ ለመስማት ተብሎ ሲሸጥ አዲስ ነገር ሆነ። ዕቃው ግን ከባድ ነበር፣ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ፣ የሚያልብ። ይህን የፈታው ሴንሃይዘር ነው። በ1968 ያወጣው ኤችዲ 414 ጀርባው ክፍት ነው፣ አየር ይገባል፣ ድምፁም እንደ ታፈነ ክፍል ሳይሆን እንደ ሰፊ ግቢ ይሰማል። ቢጫ ስፖንጁ ዛሬም መለያው ነው። ክፍት ጀርባ ያላቸው ሁሉ የሱ ልጆች ናቸው። ችግሩ የናንተን ዘፈን ጎረቤትም ይሰማዋል፣ የጎረቤትም ወሬ ለናንተ ይገባል። ቤት ውስጥ ብቻውን ለሚሰማ ሰው ከሱ የሚመች የለም፤ ታክሲ ውስጥ አይሆንም።

ከዚያ በ1979 ዎክማን የተባለው የሶኒ ተንቀሳቃሽ ካሴት ማጫወቻ መጣ፣ የካሴቱ ዘመንም በቀላልና በትናንሽ ማዳመጫ አለፈ።

ድምፅ ማጥፊያ ያለውን ሄድፎን በሰፊው ያስተዋወቀው የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ነው። በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠበት፤ እዚያው መቀመጫው ላይ ስሌቱን ጀመረ። የአብራሪዎቹ ሞዴል በ1989፣ የሕዝቡ ኳየትኮምፎርት በ2000 ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ማይክራፎኑ የውጭውን ድምፅ ይሰማል፣ መሣሪያው የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚሻለው ወጥና ወፍራም ለሆነ ድምፅ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጥምዝምዝ በዶልፊን ስትወርዱ የሞተሩን ጉርምርምታ ጭጭ ያደርገዋል፤ "ወራጅ አለ!" የሚለውን ጩኸት ግን አያጠፋውም፣ ባያጠፋም ይሻላል። እግረ መንገዴን፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ ጆሯችሁ ድፍን ቢል ሄድፎኑን አትክሰሱ፣ ከፍታው ነው። ድፍን የሚያደርጋቸው ድምፅ ማጥፊያው ራሱ የሆነባቸው ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ቢያጠፉት ይገላገላሉ።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልበል። የሙዚቃ ሄድፎን የማሽን ጩኸት መከላከያ አይደለም። ለዚያ ለብቻው የተሠራ መከላከያ አለ።

ገመድ ወይስ ብሉቱዝ

ገመድ ያለው ቻርጅ አይጠይቅም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጃክ ያለው ስልክ እያነሰ ነው፤ አፕል በ2016 ካነሳው ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ገመድ ያለው ስትገዙ ኦሙን (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) እዩ። 32 ኦም ስልክ በቀላሉ ያጫውተዋል። 250 እና 300 ኦም ያሉት አምፕሊፋየር ይፈልጋሉ፣ አለበለዚያ እንደ ሹክሹክታ ነው። ብሉቱዝ ከሆነ ዋናው ባትሪው ነው። ከላይ ያነሳሁት ሶኒ ድምፅ ማጥፊያው በርቶ 30 ሰዓት ይቆያል ይላል አምራቹ። ኤልዳክ የሚባለው የብሉቱዝ አሠራር ድምፁን ያጠራዋል አያጠራውም በሚለው ላይ ክርክር አለ፤ እኔ ልዩነቱን የሰማሁ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን። አዲስ ሄድፎን መቶ ሰዓት ካልተጫወተ ድምፁ አይከፈትም የሚለው ግን አይዋጥልኝም። የሚላመደው ጆሯችን ነው።

ለኛ ዘፈን የቱ ይስማማል

አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፣ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ማለት ነው። ትዝታና አንቺሆዬም የኛ ናቸው የሚል ሰው ሞልቷል፣ እኔም ክርክር አልገጥመውም። የክራር ጅማትና የማሲንቆ ጭራ ሸጋ የሚሆኑት መካከለኛው ድምፅ ጥርት ሲል ነው። ቤዙ የተጋነነ ሄድፎን የዘፋኟን ድምፅ ይሸፍነዋል። በመንዙማ እዩት፤ ድቤው ብቻ ጎልቶ ተቀባዮቹ ከሩቅ ከመጡ ዕቃው ለናንተ አይደለም። ለመሞከር ስትሄዱ የሱቁን ማሳያ ዘፈን ትታችሁ በልባችሁ የምታውቁትን ክፈቱ፣ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ አድርጉት።

ድምፁን ስለመጨመር የዓለም ጤና ድርጅት ልክ አለው፦ 80 ዴሲቤል ሲሆን በሳምንት 40 ሰዓት፣ 90 ሲሆን 4 ሰዓት ብቻ። ጥሩ የሚሸፍን ሄድፎን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ውጪው ጸጥ ካለ ድምፁን መጨመር አያስፈልግም። መንገድ ስትሻገሩ ግን አውልቁት። ባጃጅ ጥሩንባ ነፍቶ አይጠብቃችሁም።

የታወቀ ስም የተለጠፈበት ኮፒ ብዙ ነው። የአምራቹን አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ አገናኙት፣ አፑ ኮፒውን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ሚዛን ካገኛችሁም መዝናችሁ አምራቹ ከሚለው ግራም ጋር አስተያዩት።

ትራሱ የሚቀየር ዓይነት ይፈለግ ያልኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ የገዛሁት በዓመቱ ልባሱ መፈርፈር ጀመረ፤ ላቡ ነው ሰው ሠራሹን ቆዳ የሚበላው። ጥቁር ቅርፊት አንገቴ ላይ እየቀረ ሰው "ምን ሆንክ?" ይለኝ ነበር። ሻጩ ጋ ብመለስ መለዋወጫ የለም አለኝ። መጨረሻ ላይ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ቲሸርት ሁለት ክብ ሰፍቶ አለበሰልኝ። ቤዙ ትንሽ ቀንሷል፣ ጆሮዬ ግን ኮምቦልቻም ወርጄ አያልበኝም።